«የለም» እና «አልታየም»፦ ከአራት ኪሎ ሰማይ ሥር አንድ ኮከብ ሲጠበቅ

በመስኮቴ ደፍ ላይ አንድ የተማሪ ደብተር ተቀምጧል። በየመስመሩ ቀን፣ ሰዓት፣ የሰማዩ ሁኔታና አንድ ቃል ሰፍሯል። «ጥር 11፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ጥርት ያለ፣ ከጃንሜዳ የቅዳሴ ድምፅ ይሰማል፤ የለም።» «ጥር 14፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ በየካ በኩል ስስ ደመና፤ የለም።» «የካቲት 2፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ጥርት ያለ፤ የለም።» ደብተሩን የገለጠ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ የሌለን ነገር ለምን ትመዘግባለህ? በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ መልስ ስለሌለኝ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

የምጠብቀው ኮከብ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች «ቲ ኮሮና ቦሪያሊስ» የሚሉት ነው። ግማሽ ክብ ሠርተው በተደረደሩ ከዋክብት፣ «ሰሜናዊው ዘውድ» በሚባለው ስብስብ ጠርዝ ላይ ይገኛል። በዘወትር ሁኔታው በዓይን አይታይም፤ የብርሃን ደረጃው አሥረኛ ገደማ ነው። የከዋክብት ደረጃ እንደ ክፍል ተማሪዎች ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮከቡ ይደምቃል፣ አንዱ ደረጃ ከሚቀጥለው በሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይበልጣል። ጨለማ በሆነ ገጠር ጤነኛ ዓይን እስከ ስድስተኛ ደረጃ ያያል። ይህ ኮከብ ግን በ80 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከአሥረኛ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይዘልላል፤ ማለትም ከ1,500 እጥፍ በላይ ይደምቃል። ያን ጊዜ በዘውዱ ላይ ዋናው ዕንቁ ከሆነው ከአልፌካ ጋር ይስተካከላል። ለጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ ለሳምንት ያህል፣ በዓይን ይታያል። ከዚያ ይደበዝዛል።

በእርግጥ ያለው አንድ ኮከብ ሳይሆን ሁለት ነው። አንዱ ዕድሜው የገፋ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ነው። ሌላው ነጭ ድንክ ይባላል፤ መጠኑ ምድርን የሚያህል፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ የሚበልጥ፣ የሞተ ኮከብ አስኳል ነው። ሁለቱ በ227 ቀን ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራሉ። ድንኩ ከግዙፉ ላይ ጋዝ ይስባል፤ ጋዙ በድንኩ ገጽ ላይ እየተደራረበ፣ ከሥር እየታመቀና እየጋለ ይሄዳል። መጠኑ ሲሞላ ሃይድሮጅኑ በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል፤ የሃይድሮጅን ቦምብ የሚሠራበት ዓይነት የኑክሌር ውህደት ነው። የላይኛው ንብርብር ተፈንቅሎ ይወረወራል፣ ድንኩ ግን ይተርፋል። ከዚያ ጋዝ መሰብሰቡን እንደ አዲስ ይጀምራል። እንዲህ ዓይነቱ ፍንዳታ «ኖቫ» ይባላል፤ በሰው ዕድሜ ልክ ራሱን የሚደግም ኖቫ በጋላክሲያችን ውስጥ የታወቀው አሥር ያህል ብቻ ነው። ኮከቡ ከእኛ 3 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ስለሚርቅ የምንጠብቀው ፍንዳታ የተከናወነው ከሺዎች ዓመታት በፊት ነው። ብርሃኑ ገና በመንገድ ላይ ነው።

በትክክል ከተመዘገቡት ፍንዳታዎች የመጀመሪያው የታየው በግንቦት 1858 ዓ.ም. ነው። አጼ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ገና አልተቆረቆረችም። በአየርላንድ ቱዋም በተባለች ከተማ አቅራቢያ ጆን በርሚንግሃም የተባለ ሰው ከወዳጁ ቤት በሌሊት ሲመለስ ቀና አለ፤ ዘውዱ ላይ ከወትሮው የተለየ ዕንቁ አየ። በእጁ ምንም መሣሪያ አልነበረም። ኮከቡ ያን ሌሊት በብዙ ሺህ ሰዎች አናት ላይ አብርቷል፤ የሚበዙት ቀና ቢሉም አንድ ደማቅ ኮከብ ከማየት አልፈው የሚሉት ነገር አይኖራቸውም ነበር። በርሚንግሃም ለውጡን ያወቀው ዘውዱ ትናንት ምን ይመስል እንደነበር ስለሚያውቅ ነው።

ሁለተኛው የየካቲት 2 ቀን 1938 ዓ.ም. ፍንዳታ ነው፤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1946 መሆኑ ነው። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤን የሚነካኝ ሌዝሊ ፔልቲየር ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ የገበሬ ልጅ ነበር፤ በሙያው የሥነ ፈለክ ባለሙያ አልነበረም። በዕድሜ ዘመኑ ግን ከ130 ሺህ በላይ የተለዋዋጭ ከዋክብት ምልከታዎችን መዝግቧል። ይህን ኮከብ ከ25 ዓመት በላይ፣ ሌሊት በሌሊት፣ ተከታትሎታል። ኮከቡ በፈነዳበት ሌሊት ለምልከታ ከእንቅልፉ ነቃ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጉንፋን ግን ይዞታል። ተመልሶ ተኛ። በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ በዚያ አንድ ሌሊት የሩብ ምዕተ ዓመት ጥበቃው አመለጠው። በዚያው ሌሊት በአዲስ አበባ ዘውዱ ጎህ ከመቅደዱ በፊት በሰሜን ምሥራቅ ከፍ ብሎ ነበር። የበጋ ሰማይ፣ መብራቷ ጥቂት የሆነ ከተማ። ለማታ ዘበኞቻችን ያ ኮከብ ከአልፌካ ጎን ቁልጭ ብሎ ታይቷቸው ይሆናል፤ ማንም ግን አልጻፈውም።

ብዙዎች የፔልቲየርን ታሪክ እንደ ሽንፈት ይተርኩታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ፍንዳታውን ሌሎች አይተውታል፤ እርሱ ባያየው ሳይንስ የጎደለበት ነገር የለም። ሊተካ የማይችለው ከፍንዳታው በፊት የነበሩት ዓመታት መዝገብ ነው። ኮከቡ ከመፈንዳቱ ስምንት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ጥቂት ደመቅ ማለቱ፣ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ደግሞ መደብዘዙ ዛሬ የሚታወቀው እርሱና መሰሎቹ «ዛሬም ያው ነው» ብለው በየሌሊቱ ስለጻፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮከቡ እንደገና ደመቅ ማለት ጀመረ፤ በ2023 ደግሞ ደበዘዘ። ተመራማሪዎች «ጊዜው ደርሷል» ለማለት የቻሉት የዘመኑን ግራፍ በዚያ አሮጌ መዝገብ ላይ ደርበው ስላዩት ነው። ትንበያው በሙሉ በሺህ «የለም»ዎች ላይ ቆሟል።

ትንበያው ግን እንደታሰበው አልያዘም። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፈነዳል ተባለ፤ ዓመቱ አለፈ። ከዚያ የሁለቱን ከዋክብት ዑደት ቆጥሮ የተሰላ ቀን ወጣ፤ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.። በዚያ ሌሊት እኔም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። አልፈነዳም። ዜናውን «ዛሬ ማታ አዲስ ኮከብ ይወጣል» ብለው ያሰራጩ ሰዎች በማግሥቱ ነገሩን ረሱት፤ አንዳንድ አንባቢም ሳይንቲስቶቹ አታለሉን ብሎ ቀረ። የጥፋቱ ምንጭ ኮከቡን እንደ አውሮፕላን መድረሻ ሰዓት ማቅረብ ነው። ሁለት ፍንዳታ ብቻ በደንብ የተመዘገበለት ነገር አማካይ ጊዜ ለመስጠት እንኳ አይበቃም። የጋዙ አወራረድ አንድ ዓመት ይበዛል፣ ሌላ ዓመት ያንሳል። ነጭ ድንኩ የመጨረሻዋን ጠብታ መቼ እንደሚቀበል የሚነግረን ቀመር የለንም፤ ያለን ጥበቃ ነው።

ድምቀታቸው የሚለዋወጥ ከዋክብት ሁሉ በፍንዳታ አይደለም የሚለወጡት። አንዳንዶቹ ይነፋሉ፣ ይኮማተራሉ። አንዳንዶቹ በጓደኛቸው ይጋረዳሉ። አንዳንዶቹን ደግሞ የራሳቸው አቧራ ይሸፍናቸዋል፤ ይህን የመጨረሻውን ከአዲስ አበባ መሐል በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ኦሪዮን በተባለው የከዋክብት ስብስብ ትከሻ ላይ ያለው ቀዩ ኮከብ ቤተልጁስ እየደበዘዘ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ቤተልጁስ ለእኛ ልዩ ኮከብ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ቤተልጁስ ከሰማይ ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ በጥር ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲቃረብ፣ በየካቲት አጋማሽ ደግሞ ከ2 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል፣ ልክ አናታችን ላይ ይቆማል። ብርሃኑ በጣም ቀጭኑን የአየር ሽፋን አልፎ ይደርሰናል። ኦሪዮንን ለመመልከት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ያን ሰሞን ምሽት ምሽት እየወጣሁ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር አመሳከርኩት። አንደኛው ደማቁ አልዴባራን ነው፤ ሌላው በኦሪዮን ሁለተኛ ትከሻ ላይ ያለው ቤላትሪክስ፣ ደረጃው 1.6። በወትሮው ቤተልጁስ ሁለቱንም ይበልጣል። በጥር አልዴባራን በግልጽ በለጠው። በየካቲት መጀመሪያ ከቤላትሪክስ ጋር እኩል ሆነ። ይህን ለማየት ከፒያሳ መብራት መሸሽ አላስፈለገም፤ የሕንፃ ጥግ ተከልሎ መቆምና ዓይንን አሥር ደቂቃ ማስለመድ በቂ ነበር። ዓለም «ሊፈነዳ ነው» እያለ ይነጋገር ነበር። እውነቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በቺሊ ያለው የአውሮፓውያኑ ታላቅ ቴሌስኮፕ ያነሣቸው ፎቶግራፎች የኮከቡ ደቡባዊ ግማሽ ብቻ እንደጠቆረ አሳዩ። ኮከቡ አስቀድሞ ከገጹ ትልቅ የጋዝ አረፋ ተፍቶ ነበር፤ የገጹ አንድ ክፍል ሲቀዘቅዝ ያ ጋዝ ወደ አቧራ ተለወጠና በእኛና በኮከቡ መካከል ተጋረደ። በሚያዝያ ወደ ቀድሞ ድምቀቱ ተመለሰ። ምድርና በላይዋ ያለን ሁላችን የተሠራንበት አቧራ ከከዋክብት እንዴት እንደሚወጣ በዓይን የታየበት አጋጣሚ ነበርና፣ አልፈነዳም ብለው ያዘኑ ሰዎች ያመለጣቸው ብዙ ነው።

እንዲህ ያለው ጥናት በዓይን ብቻ የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1782 በእንግሊዝ ዮርክ፣ መስማት የተሳነው የ18 ዓመት ወጣት ጆን ጉድሪክ አልጎል የተባለው ኮከብ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ እንደሚደበዝዝ ደረሰበት፤ ምናልባት ሌላ አካል እየጋረደው ይሆናል ብሎም ገመተ። ልክ ነበር። በ1784 ደግሞ ዴልታ ሴፌይ የተባለው ኮከብ በአምስት ቀን ከሲሶ ገደማ እንደሚደምቅና እንደሚደበዝዝ አገኘ። በ21 ዓመቱ ሞተ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደ እርሱ የመስማት ችግር ያለባት ሄንሪታ ሌቪት በሃርቫርድ የፎቶግራፍ መስታወቶችን እየመረመረች፣ እንደ ዴልታ ሴፌይ ያሉት ከዋክብት ዑደታቸው በረዘመ መጠን እውነተኛ ድምቀታቸው እንደሚጨምር አረጋገጠች። በ1923 ኤድዊን ሃብል በዚያ ሕግ ተጠቅሞ አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑን አሳየ። የጠፈር ስፋት የተለካው በመስኮት በኩል በተያዘ ማስታወሻ በተጀመረ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ለምን ከዚህ? ኖቫ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚፈነዳው፤ ያን ሰዓት ማን ሌሊት ላይ ነው የሚለው ጥያቄ ሁሉን ይወስናል። አሜሪካ ቀን ሲሆንባት፣ የምሥራቅ እስያ ጎህ ሲቀድ፣ ዓይኑን በኮከቡ ላይ ማሳረፍ ያለበት በእኛ ኬንትሮስ ያለ ሰው ነው። በአፍሪካ ትልቁ የምልከታ ማዕከል በደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ነው፤ ከዚያ ሲታይ ግን ሰሜናዊው ዘውድ ቢበዛ 32 ዲግሪ ያህል ብቻ ከአድማስ ከፍ ይላል። ከአራት ኪሎ ወደ እንጦጦ ዞራችሁ ቀና ብትሉ 73 ዲግሪ ላይ ታገኙታላችሁ። በደቡብ በኩልም ድርሻችን ትልቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በትልቁ የማጀላን ደመና (ጎረቤታችን በሆነ ትንሽ ጋላክሲ) የፈነዳው፣ ከቴሌስኮፕ መፈልሰፍ በኋላ ከታዩት ሱፐርኖቫዎች (ኮከቡን ራሱን ከሚያጠፉ ታላላቅ ፍንዳታዎች) በዓይን ለማየት እጅግ የደመቀው ከአዲስ አበባ በደቡብ አድማስ 12 ዲግሪ ላይ ይታይ ነበር። ለንደን ወይም ኒውዮርክ ያለ ሰው ይህን በፍጹም ማየት አይችልም።

ለዚህ አስተሳሰብ አራት ኪሎ እንግዳ አይደለም። በዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ የምድር መግነጢስ መለካት የተጀመረው በ1950 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ መዝገቡ በዓለም ይፈለጋል። ያ ሥራም በባሕርዩ «ዛሬም ያው ነው» እያሉ መጻፍ ነው፤ የፀሐይ ማዕበል ሲመጣ የሚታወቀው በዚያ ጸጥ ያለ መስመር ላይ ነው። በእንጦጦም ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መስታወታቸው አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ለተለዋዋጭ ከዋክብት አንድ ሜትር ትንሽ አይደለም።

እንቅፋቱን ግን መደበቅ አልፈልግም። የመጀመሪያው ክረምት ነው። ዘውዱ በምሽት ከፍ ብሎ የሚቆመው በሰኔና በሐምሌ ሲሆን፣ በነዚያ ወራት ከኛ ሰማይ የሚወርደው ዝናብ እንጂ ብርሃን አይደለም። ኮከቡ በሐምሌ ቢፈነዳ አብዛኞቻችን በወሬ እንሰማዋለን። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 በደቡቡ ሰማይ፣ በሉፐስና በቬላ ከዋክብት ስብስቦች፣ በዓይን ለመታየት የበቁ ሁለት ኖቫዎች በአንድ ወር ውስጥ ሲፈነዱ እኔ ያየሁት ደመና ነበር።

ሁለተኛው እንቅፋት የራሳችን ሥራ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ፣ ጎዳናው በብርሃን ተሞልቷል። ይህን በክፉ አላነሣውም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሥራ የምትመለስ ሴት በጨለማ ጥግ እየተሳቀቀች አለማለፏ ትልቅ ነገር ነው። ምሽት ላይ ሽማግሌዎች በእግረኛ መንገድ ሲንሸራሸሩ ማየት ያስደስተኛል። የምከራከረው ስለ ብርሃኑ መኖር ሳይሆን ስለ አቅጣጫው ነው። ዛፍን ከሥሩ ወደ ላይ የሚያበራ አምፖል፣ የሕንፃን ግድግዳ አልፎ ወደ ሰማይ የሚሄድ ጨረር፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያብለጨልጭ የማስታወቂያ ሰሌዳ ለማንም እግረኛ መንገድ አያሳዩም። የተከፈለበት ኤሌክትሪክ ወደ ጠፈር ይሄዳል፤ ከፊሉ በአየር ላይ ባለው አቧራና ጢስ ነጥሮ ይመለስና በከተማዋ ላይ እንደ ወተት የነጣ ክዳን ይዘረጋል።

የቀለሙም ነገር አለ። የድሮዎቹ ቢጫ የመንገድ መብራቶች በነጫጭ ኤልኢዲ ሲተኩ ኃይል ይቆጠባል፣ ነገር ግን ነጩ ብርሃን ሰማያዊ ይበዛዋል። ሰማያዊ ብርሃን በአየር ውስጥ ከሌሎች ቀለሞች ይበልጥ ይበተናል፤ ሰማይ በቀን ሰማያዊ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ሰዎች በዓይናቸው ያካሄዷቸውን ከ51 ሺህ በላይ ምልከታዎች ሰብስቦ፣ ከ2011 እስከ 2022 የሌሊት ሰማይ በየዓመቱ ወደ 10 በመቶ ገደማ እየነጣ መሄዱን አሳይቷል። አንድ ልጅ ሲወለድ 250 ከዋክብት ይታዩበት በነበረ ቦታ 18 ዓመት ሲሞላው 100 ያህል ብቻ ይቀራሉ ማለት ነው። ምልከታዎቹ በአብዛኛው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጡ ናቸው፤ የእኛን ሰማይ የመዘገበ ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ለደብተሬ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። «የለም» ብሎ መጻፍ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ በዚያ ሌሊት በዘውዱ አካባቢ ያየሁት እጅግ ደብዛዛ ኮከብ የትኛው እንደነበር ካልጨመርኩበት። አራተኛ ደረጃ ኮከብ ከታየኝና የምጠብቀው ካልታየኝ፣ «ከአራተኛ ደረጃ በታች ነው» ብዬ በእርግጠኝነት መመስከር እችላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤቴ ጣሪያ በጠራ ሌሊት የዘውዱን ግማሽ ክብ ሙሉ ቅርጽ አየው ነበር። አሁን በአብዛኛው የሚታየኝ አልፌካ ብቻውን ነው። ስለዚህ የምስክርነቴ ወሰን ከአራተኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ተኩል ወርዷል። መብራቱ የከተማዋን «የለም» ወደ «አልታየም» እየለወጠው ነው፤ ሁለቱ ደግሞ የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱ ስለ ኮከቡ ይናገራል፣ ሌላው ስለ እኔ።

ለእንጦጦ ቴሌስኮፖች ጉዳዩ ይብሳል። እንጦጦ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ስለሆነ የደቡቡ ሰማይ በሙሉ የሚታየው በከተማዋ ብርሃን ላይ ተንጠልጥሎ ነው። በ1987 እንደታየው ያለ ሱፐርኖቫ ዛሬ ቢፈነዳ ከተራራው የምንፈልገው ልክ በዚያ የነጣ ክዳን ውስጥ ይሆናል። መፍትሔው ግን ውድ አይደለም፦ ከላይ የተከደነ መብራት፣ ወደ መሬት ብቻ የሚያበራ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚቀንስ። የካናሪ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ1988 ሰማይን የሚጠብቅ ሕግ ወጥቶላቸዋል፤ ደሴቶቹ የቱሪስት መናኸሪያ ከመሆን አላገዳቸውም። የእኛ ከተማ መብራቶቿን ገና በመትከል ላይ ናት። የተተከለን ከመንቀል የሚተከለውን ማስተካከል ይቀልላል፤ ስለዚህ መናገር ያለብን አሁን ነው።

«በቺሊ የተከፈተው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ ሰማዩን ሁሉ ሲቃኝ የአንድ ሰው ደብተር ምን ይረባል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ቴሌስኮፑ በእርግጥ ድንቅ ነው፤ መስታወቱ 8.4 ሜትር፣ ካሜራው 3,200 ሜጋፒክስል፣ በአንድ ሌሊት ሚሊዮኖች ለውጦችን እንዲያሳውቅ የተሠራ። ነገር ግን ለደብዛዛው የተፈጠረ ዓይን ደማቁን አይችልም። አሥረኛ ደረጃ ኮከብ ካሜራውን ያጥለቀልቀዋል፣ ሁለተኛ ደረጃውንማ ተዉት። ለደማቆቹ ከዋክብት አሁንም የሚያስፈልጉት ትናንሽ መሣሪያዎችና ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1911 የተቋቋመው የአሜሪካ ተለዋዋጭ ከዋክብት ታዛቢዎች ማኅበር ከመላው ዓለም ምልከታ ይቀበላል፤ የአባልነትም የዲግሪም ጥያቄ የለበትም።

ሥራው ቀላል ነው። ከተለዋዋጩ ኮከብ ጥቂት የሚደምቅና ጥቂት የሚደበዝዝ ሁለት ኮከብ ትመርጣላችሁ፤ ደረጃቸው በካርታ ላይ ተጽፏል። የእናንተው በሁለቱ መካከል የት እንደሚውል ትገምታላችሁ። ሰዓቱን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ትጽፋላችሁ፤ የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የእነርሱ ዜሮ ሰዓት ነው። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች «ጁሊያን ቀን» በሚባለው ሌላ ቆጠራቸው ደግሞ ሌሊቱ ለሁለት ቀን እንዳይከፈል ብለው የቀናቸውን መጀመሪያ እኩለ ቀን ላይ አድርገውታል፤ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 መሆኑ ነው። ቀን ሲነጋ ሰዓትን ከአንድ ለሚጀምር ሕዝብ እንዲህ ያለው አቆጣጠር ይከብዳል ብዬ አላስብም። ለጀማሪ ቤተልጁስን እመክራለሁ፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት ምሽት ላይ ይገኛል። ከዚያ አልጎልን፤ ግርዶሹ ወደ አሥር ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ በአንድ ምሽት ሲደበዝዝ ማየት ይቻላል።

ኮከቡ በፈነዳ ዕለት የሚሆነውንም አስባለሁ። ድንገት የታየ ኮከብ በእኛ ዘንድ ያለ ትርጉም አያልፍም፤ ኮከብ ቆጣሪውም ሰባኪውም የየራሱን ይላል። ወሬው ከብርሃኑ ቀድሞ ይሮጣል። በባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስልታ አጽዋማትንና በዓላትን የምታወጣ አገር፣ ሰማይን በስሌት ማንበብ አዲስ ነገር ሊሆንባት አይገባም። በዚያን ምሽት ልጆቻቸው «ምንድን ነው?» ሲሏቸው ወላጆች «አንድ ትንሽ የሞተ ኮከብ ከጎረቤቱ የሰበሰበው ጋዝ ተቀጣጥሎ ነው» ብለው ቢመልሱ፣ ለእኔ ከኮከቡ ያላነሰ ደስታ ነው።

ዘውዱን መፈለግ ለሚሻ፦ በታኅሣሥ መጨረሻ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በየካ ተራሮች በኩል ከፍ ብሎ ይታያል። በመጋቢት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይመጣል፣ በሚያዝያ መጨረሻ ምሽቱን ሙሉ ይቆያል። ብርቱካንማውን አርክቱሩስንና ነጩን ቬጋን በሐሳብ መስመር ካገናኛችሁ፣ ከአርክቱሩስ ተነሥታችሁ ሲሶውን ስትሄዱ አልፌካ አለ። ክረምቱ ሲወጣ በመስከረምና በጥቅምት ከመሸ በኋላ በፒያሳ በኩል እያዘቀዘቀ ይገኛል፤ ከዚያ በኅዳር ለፀሐይ ይቀርባል። በነዚያ ሳምንታትና ደመናው በከበደባቸው የክረምት ሌሊቶች በደብተሬ ላይ «የለም» አልጽፍም። ሰዓቱን እጽፍና ከአጠገቡ «አልታየም» እላለሁ።